ልጄ «ሊደርሺፕ ነው የምማረው» አለችኝ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዲግሪ ነው?

እናት_አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ኮሌጅ እያመለከተች ነው። እኔና አባቷ በልባችን ነርሲንግ ወይ ኮምፒውተር ብለን ጨርሰናል። እሷ ግን እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው ሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሊደርሺፕ እማራለሁ ብላ ቁጭ አለች። ከእኛ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ርቀቱ አይደለም ያሳሰበኝ።

መሪነት ይማሩታል እንዴ? የእድራችን ሰብሳቢ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ አይመስለኝም። ግን ሰው ሲሞት አዳራሹ፣ ምግቡ፣ አስከሬኑን አገር ቤት መላኩ ሁሉ በሳቸው ስልክ ነው የሚያልቀው። ማን አስተማራቸው?

ድረ ገጹን ሳየው ሊበራል አርትስ ይላል። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሳይኮሎጂ የተቀላቀለበት ነገር ነው መሰለኝ። ዋጋው ደግሞ ከምግብና ከማደሪያ ጋር በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ! በዚህ ብር ምን ይዛ ትወጣለች? ልጄን ማስከፋት አልፈልግም፣ ዝም ብዬም አላይም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሒሳብ_ሹም፦

እህቴ፣ በአጭሩ ልመልስልሽ። ስንት ዓመት እዚህ አገር ስኖር «መሪ እንፈልጋለን፣ ልምድ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ነርስ ይፈለጋል፣ አካውንታንት ይፈለጋል። ልጅቷ መጀመሪያ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ትያዝ፣ መምራቱ ሥራ ላይ ይመጣል። 80 ሺህ በአራት ዓመት ስንት እንደሆነ እኔ አልነግርሽም፣ ደምሪው።

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እዚያው ተምሬ ነው የወጣሁት፣ የማውቀውን ልንገርዎት። (የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ቡድን ስም ሸረሪቶች ነው፣ የእኔም ስም ከዚያ የመጣ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።)

ልጅዎ የምትለው ጄፕሰን የሚባለውን ትምህርት ቤት ይመስለኛል። ሮበርት ጄፕሰን የሚባል የቀድሞ ተማሪ፣ ነጋዴ ነው፣ በ1987 20 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በ1992 ተከፈተ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በአሜሪካ ሊደርሺፕን በመጀመሪያ ዲግሪ ለማስተማር ብቻ ተብሎ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሰው ስሙን ሲሰማ የሚታየው መድረክ ላይ ወጥቶ መናገር፣ ሱፍ መልበስ፣ «ትችላለህ!» መባባል ነው። እኛ ክፍል ውስጥ እንዲያውም ስለ መሪ ያወራነውን ያህል ስለ ተከታይ አውርተናል። ሰው ለምን ይታዘዛል? ሚልግራም የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያደረገው ሙከራ አለ። አንድ የላብራቶሪ ካፖርት የለበሰ ሰው «ቀጥል» ስላለ ብቻ ከ40 ሰዎች 26ቱ ሌላ ሰው ላይ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ማብሪያውን ተጫኑ። ኤሌክትሪኩ ውሸት ነበር፣ እነሱ ግን እውነት ነው የመሰላቸው። መምህራችን ይሄን አስነብቦን «ከእናንተ መሀል ማን ያቆም ነበር?» አለ። እጅ ያላወጣ የለም። ቀጥሎ «ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ መመሪያ ትርጉም የለውም ብሎ እያሰበ ዝም ብሎ የሠራስ?» አለ። ያው ሁላችንም ነን።

ሌላው ደግሞ ሥነ ምግባሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲመሠረት ከነበሩት መምህራን አንዷ ጆአን ቺዩላ የምትባል ፈላስፋ ናት። «የሂትለር ችግር» ብላ የምታነሳው ጥያቄ አለ። ሂትለር መሪ ነበር ወይስ አልነበረም? መሪነት ሕዝብ ማስከተል ብቻ ከሆነ ነበር ማለት ነው። ጄምስ ማክግሬገር በርንስ የሚባለው የታሪክ ሰው ግን አይደለም፣ አምባገነንና መሪ አንድ አይደሉም ባይ ነው። ይሄ ክርክር ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ወጥተናል። ለእኛ አገር ልጅ ደግሞ ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዳችን ቤት ስም የሚጠራለት ሰው አለ።

ኮርሶቹ እንግዲህ አንዱ በታሪክና በፍልስፍና በኩል፣ አንዱ በሳይኮሎጂና በኢኮኖሚክስ በኩል፣ ከዚያ የክርክርና የማመዛዘን ትምህርት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ማኅበረሰብ የሚባለው ደግሞ ከተማው ውስጥ ወጥቶ ማገልገል አለበት። ሳይመረቁ በፊት 240 ሰዓት የተግባር ልምምድም ግዴታ ነው።

እናት_አሌክሳንድሪያ፦

አመሰግናለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የተግባር ልምምዱ ምን ይሠራል? ቡና ማመላለስ እንዳይሆን።

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

ሃሃ፣ ቡናም አመላልሻለሁ አልዋሽዎትም። የሠራሁት አንድ ጤና ማዕከል ቢሮ ነበር። ሥራውን እየሠራሁ ጎን ለጎን ያየሁትን ከተማርኩት ጋር አገናኝቼ መጻፍ ነበረብኝ። እኔ የመረጥኩት የሰኞ ስብሰባቸውን ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ማንን አቋረጠ፣ የማን ሐሳብ በማን ስም ተመዘገበ እያልኩ እጽፍ ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ሴትዮ ነበረች። ስለ ቀጠሮ መጣበብ መላ የምታመጣው ሁሌ እሷ ናት። ግን ከአፏ ሲወጣ ማንም አይሰማም፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ኃላፊ ያንኑ ሲደግመው «በጣም ጥሩ!» ይባላል። ቃለ ጉባኤው ላይ የሱ ስም። ይሄን አንዴ ማየት ከጀመሩ በኋላ ስብሰባ ገብቶ አለማየት አይቻልም።

የእድር ሰብሳቢዎትን ነገር ያነሱት ደግሞ ልክ ነዎት። ሥልጣን ሳይኖረው ሰው የሚሰማው ሰው ከየት ነው ያንን ያገኘው የሚለው ራሱ እንደ ትምህርት የሚጠና ነው። ልጅዎ ስለሳቸው ጥሩ ጽሑፍ ትጽፋለች።

ሒሳብ_ሹም፦

ማስታወሻ ደብተሩ ደስ ይላል። ሥራውስ? አሁን በምን ነው የምትተዳደሪው፣ ካላስቸገርኩሽ።

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

ችግር የለውም ጋሼ። ከኢኮኖሚክስ ጋር ደርቤ ነው የተማርኩት፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። አሁን ሆስፒታል አስተዳደር ውስጥ ነኝ፣ በጀትና እቅድ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሊደርሺፕ ዲግሪዬ የጠየቀኝ ሰው የለም። የጽሑፍ ናሙና አምጪ ነው የተባልኩት፣ ያ ደግሞ ሞልቶኛል።

ካብ_ነጂው_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ወገኖች እኔ ደግሞ የሌላውን ጎን ላሳያችሁ። እኔም በሊደርሺፕ ዲግሪ አለኝ። አዎ፣ ሳቁ። ማታ ማታ በኦንላይን ነው የተማርኩት፣ ትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። በየሳምንቱ ስላይድ ይለቀቃል፣ የተራራ ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ አንድ ጥቅስ። ከዚያ የውይይት ገጽ ላይ 250 ቃል ትጽፋለህ፣ ለሁለት ሰው «በጣም አስተማሪ ሐሳብ ነው» ትላለህ፣ ኤ ታገኛለህ። አንድም ጽሑፌን አንብቦ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ያለኝ መምህር የለም። ብሩን ግን በትክክል ቆጥረው ወስደዋል፣ ብድሩን እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

ስለዚህ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሰማይና ምድር ነው። እናት፣ የትም ትምህርት ቤት ስትሄዱ ብሮሹር አትዩ። የኮርሱን ሲለበስ፣ ማለትም ዝርዝር የትምህርት እቅዱን፣ አምጡ በሏቸው። በሴሚስተር ስንት ገጽ ይጻፋል? ማን ያርመዋል? መምህራኑ ምን የተማሩ ናቸው? የታሪክ ሰው፣ የፍልስፍና ሰው፣ የሳይኮሎጂ ሰው ካለ ደህና። ሁሉም «አሠልጣኝና አነቃቂ ተናጋሪ» ከሆነ ቶሎ ውጡ።

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

ጋሼ ከሁሉም የሚበልጠውን ተናገሩት። እኛ ጋ መምህራኑ በእርግጥ ከተለያየ ሙያ የመጡ ናቸው፣ ለዚያ ነው አንዱን ጉዳይ በአራት ዓይን የሚያሳዩን። እኔ ኢኮኖሚክሱ ብቻውን ቢሆን ያቺን እንግዳ ተቀባይ አላያትም ነበር።

ስድስት_ኪሎ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ርዕሱ ስለሳበኝ ትንሽ ልጨምር፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

እኛ ጋ አመራር እንደ ትምህርት የለም አይባልም። የትምህርት አመራር የሚባል አለ፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የሚማሩት። ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲም አለ፣ ከስሙ እንደምትረዱት የመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ ነው የሚያሠለጥነው። ሁለቱም ወንበር ላይ ላለ ወይም ወንበር ለሚጠብቅ ሰው ናቸው። አስራ ስምንት ዓመት ልጅ ተቀምጦ «ሰው ለምን ይታዘዛል» ብሎ የሚጠይቅበት ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው።

ለዚያ የቀረበው የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ ተማሪው ሁሉ፣ ኢንጂነሩም ሐኪሙም፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት እንዲወስድ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ይሄ ሊበራል አርትስ ነው፣ ስሙ ባይጠራም። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ግን ተማሪው ብዙ ነው፣ ማይክ የለም፣ ሞጁሉ በቴሌግራም ፒዲኤፍ ነው፣ ሎጂክ ደግሞ በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል። ሰው በኤ ቢ ሲ ዲ ማመዛዘን አይማርም። ተማሪዎቹ «ይሄ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ሲሉኝ አልፈርድባቸውም። የኮርሱ ሐሳብ ትክክል ነው፣ የጎደለው ትንሽ ክፍልና የሚያርም ሰው ነው። ሪችመንድ 80 ሺህ የሚያስከፍለው ለዚያ ነው መሰለኝ፣ መጽሐፎቹን እማ እኔም ለተማሪዎቼ በነጻ ነው የማካፍላቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ነበረን። ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ በፈረንጅ 1964 የተጀመረ፣ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ የሚባል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፣ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነው። ሳያገለግል ዲግሪ የለም። የከተማ ልጅ ገጠር ሄዶ ገበሬው ለባለመሬቱ ከምርቱ ስንቱን እንደሚሰጥ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ብዙዎች ያ ትውልድ የነቃው እዚያ ነው ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ማገልገሉ ዓይን ከፈተ። ነገር ግን አይቶ ተቆጥቶ መመለስ አንድ ነገር ነው፣ ከተቆጡ በኋላ የማይስማማውን ሰው ምን እናድርገው የሚለው ሌላ። ሁለተኛውን ማንም በሥርዓት ያስተማራቸው አልነበረም። ያቺ የሸረሪቶቹ ልጅ ያነሳችው የሂትለር ክርክር ያኔ ስድስት ኪሎ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ቢሆን ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። ምናልባት ምንም አይለውጥም ነበር።

ፒያሳ_አራዳ፦

መምህር ይሄን ለብቻው ክር ይክፈቱለት በእግዜር፣ እዚህ ከተጀመረ አያልቅም 😂

በረኩሶ_ኮረብታ፦

እኔ ጋና፣ አሸሲ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ በስኮላርሺፕ። እዚህ ያልተነሳ አማራጭ ስላለ ልናገር።

አሸሲ ውስጥ ሊደርሺፕ የሚባል ዲግሪ የለም። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ቢዝነስ፣ ኢንጂነሪንግ ነው። ግን ማንኛውም ተማሪ የሊደርሺፕ ሴሚናሮች ይወስዳል፣ አራት ናቸው፣ በየዓመቱ አንድ ገደማ፣ የመጨረሻው ማኅበረሰብ ውስጥ ወርዶ መሥራት አለበት። ከዚያ ላይ ጽሑፍ፣ ፍልስፍናና የአፍሪካ ጉዳይ የሚባሉ ኮርሶች ይጨመራሉ። መሥራቹ ፓትሪክ አዉዋ ጋናዊ ነው፣ አሜሪካ ስዋርዝሞር የሚባል ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ኢንጂነሪንግና ኢኮኖሚክስ ተምሮ ማይክሮሶፍት ሠርቶ፣ ያንን ትቶ አገሩ ገባ። በፈረንጅ 2002 አክራ ውስጥ ኪራይ ቤት 30 ተማሪ ይዞ ነው የጀመረው። አሁን በረኩሶ የሚባል ኮረብታ ላይ ግቢ አለ።

እኔን የገረመኝ ፈተናው ነው። ፈታኝ የለም። መምህሩ ወረቀቱን ያድልና ይወጣል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ነው የገቡበት፣ አልኮርጅም ብቻ ሳይሆን የኮረጀ ካየሁ ዝም አልልም ብለው። አገር ቤት ማትሪክ በፌዴራል ፖሊስ ታጅቦ እየመጣ ለተፈተነ ልጅ ይሄ መጀመሪያ ቀልድ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከጎኔ ያለው ልጅ ወረቀት በግልጽ ይታየኛል፣ መምህር የለም፣ እና አንገቴን አቅንቼ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ነበር። ከባዱ አለመኮረጁ አይደለም። ከባዱ ጓደኛህ ሲኮርጅ አይተህ ምን ታደርጋለህ የሚለው ነው። እሱን በሴሚናር አነበብነው፣ ተከራከርንበት፣ ግን የተማርነው ፈተና ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ የእናት ጥያቄ ላይ የእኔ አቋም፦ ሊደርሺፕ ብቻውን ዲግሪ ባይሆን ደስ ይለኛል። አንድ ሙያ ላይ የሚጨመር ይሁን። ልጅቷ ኮምፒውተርም ነርሲንግም ተምራ እሱን ልትጨምርበት ትችላለች።

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

በረኩሶ እስማማለሁ ለማለት ይከብደኛል። የሚጨመር ሲሆን መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው፣ ተማሪው ኬሚስትሪ ሲከብደው ሴሚናሩን ነው የሚረሳው። እናንተ ጋ የሠራው ግዴታ ስለሆነና ከመሥራቹ ጀምሮ ሁሉም ስላመነበት ነው። በተረፈ ሁለት ሜጀር፣ ማለትም ሁለት ዋና ትምህርት፣ መያዝ ይቻላል ብዬ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

በረኩሶ_ኮረብታ፦

እሱስ ልክ ነሽ፣ ግዴታነቱ ነው ቁም ነገሩ። ግን አሁንም ሙያ ትያዝ።

ሒሳብ_ሹም፦

በመጨረሻ እኔ ያልኩት ጋ መጣችሁ 😄

እናት_አሌክሳንድሪያ፦

እናንተ ልጆች ተባረኩ። ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ለልጄ አነበብኩላት፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ስለዚያች እንግዳ ተቀባይ ሴትዮ ስደርስ «ይሄኮ የአንቺ ሥራ ቦታ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ስንቴ እያማረርኩ ገብቻለሁ። አባቷ ደግሞ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ሲሰማ ከተነሳ አላቆም አለ፣ ታላቅ ወንድሙ ያኔ ጎጃም ወርዶ አስተምሮ ነበርና።

ባዮሎጂ ጨምሬ እይዛለሁ ብላለች። ይሁን። አሁን የቀረው ብሩ ነው። ሁለታችንም ደመወዝተኞች ነን፣ እሱ ማታ ኡበር ይሠራል። 80 ሺህ ከየት ይመጣል?

የሸረሪቶቹ_ልጅ፦

እትዬ ያ 80 ሺህ የሚለውን ቁጥር አይተው አይደንግጡ፣ ሁሉም ቤተሰብ ያንን አይከፍልም። ሪችመንድ የገባውን የአሜሪካ ተማሪ ችግሩን አስልቶ የጎደለውን ሙሉ እሸፍናለሁ የሚል ትምህርት ቤት ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ ሆኖ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ደግሞ ትምህርቱንም ማደሪያና ምግቡንም ያለ ብድር የሚሸፍኑበት ፕሮግራም አለ። በውጤት የሚሰጥ ሪችመንድ ስኮላርስ የሚባልም አለ፣ ውድድሩ ግን የዋዛ አይደለም። ድረ ገጻቸው ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል፣ እርዳታው ተቀንሶ የሚቀርባችሁን ክፍያ የሚገምት፣ አለ፣ ዛሬ ማታ ገቢያችሁን አስገብታችሁ እዩት። የሚወጣው ቁጥር ግምት ነው፣ ግን ጨለማ ውስጥ ከመነጋገር ይሻላል።

ካብ_ነጂው_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሌላም ልጠቁም። ኒውፖርት ኒውስ ክሪስቶፈር ኒውፖርት የሚባል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፣ እሱም ሊበራል አርትስ ነው። የፕሬዚዳንቱ ሊደርሺፕ ፕሮግራም ይሉታል፣ የተመረጠ ተማሪ ሊደርሺፕን እንደ ማይነር (ተጨማሪ ትምህርት) እየወሰደ የራሱን ሙያ ይማራል፣ ስኮላርሺፕም አለው። ለቨርጂኒያ ልጅ ክፍያው ከግሉ በብዙ ይቀንሳል። የእህቴ ልጅ እዚያ ናት፣ ባዮሎጂ። ሁለቱም ጋ ታመልክት፣ ደብዳቤው ሲመጣ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ታያላችሁ።

እናት_አሌክሳንድሪያ፦

ይሄን አላውቅም ነበር! ለሱም ታመልክታለች።

ሒሳብ_ሹም፦

እህቴ፣ ትምህርቱ ላይ ብከራከርሽም ፎርሙ ላይ ብቻሽን አልተውሽም። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ፎርም ብቻ አይበቃም፣ ሪችመንድና አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የእርዳታ ፎርምም ይጠይቃሉ፣ እሱ ደግሞ እስከ ቤታችሁ ዋጋ ድረስ ይገባል። ቀኑ ቀድሞ ስለሚያልፍ ከማመልከቻው ጋር እኩል ጀምሩት። የሚያዩት የዘንድሮውን ሳይሆን ከመግባቷ ሁለት ዓመት በፊት ያለውን የታክስ ወረቀት ነው። የአባቷን የኡበር 1099 (ኡበር የከፈለውን የሚያሳየውን የታክስ ወረቀት) እና የነዳጅና የጥገና ወጪውን ያሳወቀበትን ገጽ ሳይዙ አትጀምሩ፣ ኡበር ከከፈለው ጠቅላላ ላይ ወጪው ሳይቀነስ ከተጻፈ ያላገኛችሁትን ገቢ አገኛችሁ ተብሎ እርዳታው ይቀነስባችኋል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቁጭ ብለን እንሞላዋለን። ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፣ ፊርማዋ ያስፈልጋል።